መርፌው ይሻላል ወይስ የጨጓራ መድኃኒት ልጨምርላት? ስለ ዲክሎፌናክ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት ስላለባት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ከስምንት ወር በፊት ጉልበቷን አሟት ሐኪም ቤት ሄዳ ዲክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ለ10 ቀን ታዘዘላት። በጣም ስለተሻላት፣ ሲያልቅባት ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት እየገዛሁላት እስካሁን ትወስዳለች። እህቴም ከአሜሪካ አድቪል ልካላታለች፤ ሕመሙ ሲብስባት እሱን ትጨምርበታለች። አሁን ሆዷን ያቃጥላታል፣ ማታ ማታ እግሯ ያብጣል፣ ግፊቷም አልወርድ ብሎ 160 ይገባል። ጾም ስትጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም። ጎረቤታችን ‹አንቺ ልጅ፣ መርፌው እኮ ጨጓራ አይነካም› ትለኛለች። መርፌ ላስወጋት ወይስ ኦሜፕራዞል ጨምሬላት ክኒኑን ትቀጥል?»

ምላሽ፦ ሁለቱም አይሆንም። ዲክሎፌናኩም አድቪሉም ዛሬውኑ ይቁሙ። የግፊት መድኃኒቶቹን ግን በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቋርጡ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እናትሽን ሐኪም ቤት ውሰጃቸውና የክሬቲኒን (የኩላሊት)፣ የፖታሲየም፣ የሄሞግሎቢን (የደም ማነስ) እና የጉበት ምርመራ ይደረግላቸው። ዲክሎፌናክ ቀስ በቀስ የሚቀነስ መድኃኒት አይደለም፤ በአንዴ ቢቆም ጉልበታቸው ያማቸው ይሆናል እንጂ ሌላ መዘዝ የለውም። አንድ ነገር ብቻ አጣሪ፦ «ያጠናክረዋል» ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚባል ክኒን አብሮ ሲሰጣቸው ከነበረ፣ እሱ በድንገት አይቆምም። ለሐኪሙ ንገሪው።

ሁለት ሦስት ቀን የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከወጣ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሳቸው፣ ብድግ ሲሉ አዙሯቸው ላብ ካጠመቃቸው፣ ደረታቸውን ከጨመቃቸው፣ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሽንታቸው በጣም ካነሰ፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ ወይም አንድ ወገናቸው ከዛለ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። «ሆዷን ያን ያህል አያማትም» ብለሽ አትዘናጊ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የጨጓራ ቁስል ድምፁን አጥፍቶ ከርሞ የመጀመሪያ ምልክቱ መድማት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አንቺ የጠየቅሽው ስለ ጨጓራ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እግራቸው ማበጡና ግፊታቸው 160 መግባቱ ነው። ማቃጠሉን እናትሽ ራሳቸው ያውቁታል፤ ይናገሩታል። ኩላሊት ግን አይናገርም። እዚያ ላይ ያለው ጉዳት በደም ምርመራ ካልታየ በቀር ብዙ ርቆ እስኪሄድ አይታወቅም።

ዲክሎፌናክ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቅሽ መርፌው ለምን እንደማያድን ማየት ይከብዳል። ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። የተጎዳ መገጣጠሚያ ላይ ሲበዙ ያማል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። አስፕሪንና ዘመዶቹ (ዲክሎፌናክም አንዱ ነው) ሕመም የሚያስታግሱት ይህን ምርት በማገድ መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚሁ መስክ በሠሩት ሥራ ነው። ችግሩ፣ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ሌላም ሥራ አላቸው። የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀውን ልባስ ያስመርታሉ፤ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባው ቧንቧ እንዳይጠብ ያደርጋሉ። ክኒኑ ደግሞ ጉልበት የት እንዳለ አያውቅም። ደም ውስጥ ገብቶ በደረሰበት ሁሉ ያግዳል። ጉልበቱ ሲታገስለት ጨጓራው ልባሱን፣ ኩላሊቱ ደሙን ያጣል።

የጎረቤታችሁ ምክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ የሚመጣው ክኒኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚፍቅ ቢሆን ኖሮ በመርፌ ማለፍ መፍትሔ ይሆን ነበር። ዋናው ጉዳት ግን በደም በኩል ዞሮ የሚመጣ ነው። በመቀመጫም ይወጉት፣ በአፍም ይዋጡት፣ ጨጓራው የሚደርሰው ያው ነው። ክኒኑ በላዩ ላይ የተለበሰው ሽፋን አንጀት ደርሶ እንዲሟሟ ያደርገዋል፤ ቃጠሎውን ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ከቁስል አያድንም። (ሽፋኑ ሥራ አለውና ክኒኑን መፍጨትም መስበርም አይገባም።) መርፌው እንዲያውም የራሱ ጣጣ አለው። 75 ሚሊ ግራም ሆኖ በጡንቻ ውስጥ በጥልቀት የሚሰጥ፣ ከሁለት ቀን በላይ የማይቀጥል፣ ለኩላሊት ጠጠር ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለ ብርቱ ሕመም የታሰበ ነው። ቦታውን ስቶ ከተወጋ እግር የሚያዘውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ አልፎ አልፎም የተወጋው ሥጋ ሞቶ ይጠቁራል። ለስምንት ወር የጉልበት ሕመም በየሰፈሩ የሚወጋ ነገር አይደለም።

ኦሜፕራዞሉስ? ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አንቺ ልትሰጪው ያሰብሽው ሥራ ግን የእሱ አይደለም። የጨጓራን አሲድ በመቀነስ ከጨጓራና ከላይኛው አንጀት ቁስል ይከላከላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንጀት አይጠብቅም፤ ኩላሊትን፣ ልብንና ግፊትን ጭራሽ አይነካም። ማለት ኦሜፕራዞል ጨምረሽላቸው ዲክሎፌናኩን ቢቀጥሉ ቃጠሎው ይጠፋል፤ አንቺም «ተሻላት» ትያለሽ፤ ኩላሊቱ ግን በዝምታ መጎዳቱን ይቀጥላል። የማስጠንቀቂያውን ደወል አጥፍቶ እሳቱን መተው ነው የሚሆነው። ዲክሎፌናኩ ከቆመ በኋላ ግን ሐኪሙ ኦሜፕራዞል ማዘዙ አይቀርም፤ ምክንያቱም ዲክሎፌናኩ በአንድ ቀን ውስጥ ከደም ቢጠፋም ቁስል ካለ ለመዳን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ያን ጊዜ ቁርስ ከመብላታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ይወስዱታል። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም እንዲደረግላቸው ጠይቂ። አገራችን ውስጥ ኤች ፓይሎሪ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ባክቴሪያውና ይህ ዓይነት ማስታገሻ አንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ የቁስሉ አደጋ ከሁለቱም ለየብቻ ይበልጣል። ወተት፣ ተልባና አብሽ ለጊዜው ሆድን ያለሰልሳሉ፤ መጠጣቱን አልከለክልም። ከቁስል ይከላከላሉ ብሎ ማመኑ ነው ስሕተቱ።

ኩላሊቱ ጋ ጥቂት ልቆይ፤ የእናትሽ ነገር ከሌላው የጉልበት ሕመምተኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነውና። የኩላሊትን ማጣሪያ ደም የሚያስገባ ቧንቧና የሚያስወጣ ቧንቧ ያለው ወንፊት አድርገሽ አስቢው። የሚያጣራው በውስጡ በቂ ግፊት ሲኖር ነው። ዲክሎፌናክ የመግቢያውን ቧንቧ ያጠብበዋል። ኢናላፕሪል የመውጫውን ያሰፋዋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ የሚያሸና ስለሆነ በሥር የሚሄደውን ፈሳሽ ይቀንሳል። ኢናላፕሪልና የሚያሸናው ብቻቸውን ሲሆኑ ኩላሊት ይችላቸዋል፤ ብዙ ሕመምተኞች ለዓመታት ይወስዷቸዋል። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ወንፊቱ ከሦስት አቅጣጫ ግፊት ያጣል። በሙያችን በጣም ከሚፈሩት የመድኃኒት ጥምረቶች አንዱ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ለብቻው ሲታይ ንጹሕ ስለሚመስል በቀላሉ ያመልጣል። ኢናላፕሪልና ዲክሎፌናክ አንድ ላይ ፖታሲየምንም ከፍ ያደርጋሉ፤ ፖታሲየም ከመጠን ሲያልፍ የልብን ምት ያዛባል። ፖታሲየም ይመርመር ያልኩሽ ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ጾሙን ጨምሪ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ፣ ጠዋት የሚያሸናውን ውጠው፣ በፀሐይ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ሰውነታቸው ደርቋል። ኩላሊት ለዲክሎፌናክ በጣም የሚጋለጠው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። በረመዳን ለሚጾምም፣ ተቅማጥና ትውከት ለያዘውም ነገሩ ያው ነው። ብዙ ሰው «ከምግብ በኋላ» የሚለውን መመሪያ ለጨጓራ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ውኃውም ከምግቡ አያንስም። ጾሙን ይተዉ ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ግፊቱ እስኪስተካከልና የኩላሊቱ ውጤት እስኪታወቅ ስለ ውኃውና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ፣ ለታመመ የሚሰጠውን ፈቃድ አይነፍጓቸውም።

ዲክሎፌናክ በኩላሊት ላይ ያለውን ኃይል ዓለም በደንብ ያየው፣ ማንም ባልጠበቀው መንገድ፣ በጥንብ አንሳዎች ነው። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ከብቶች ሲታመሙ ይህ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። የሞተውን ከብት የበሉ አሞሮች በቀናት ውስጥ ኩላሊታቸው እየደከመ አለቁ፤ በሕንድ የሦስት ዝርያዎች ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ወደቀ። ምክንያቱ ዲክሎፌናክ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፤ በ2006 ሕንድ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። የወፍ ኩላሊት የሰው አይደለም፤ ልኩም ይለያል። ለማስፈራራት አይደለም የምነግርሽ። «ማስታገሻ ብቻ እኮ ነው» ለሚል ሰው ግን ሁልጊዜ ይህን እነግረዋለሁ።

ግፊታቸው «በመድኃኒቱ አልወርድ ማለቱ» የመድኃኒቱ ድክመት ላይሆን ይችላል። ዲክሎፌናክ ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ የኢናላፕሪልንና የሚያሸናውን ሥራም ይቃወማል። የእግራቸው እብጠት ከዚሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ልባቸውም መታየት አለበት። እዚህ ላይ የማየው አንድ መጥፎ ሰንሰለት አለ። ሕመምተኛው ለሐኪሙ ስለ ማስታገሻው አይናገርም፤ «የጉልበት መድኃኒት» ከግፊቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሐኪሙ 160 ያያል፤ ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን፣ ይጨምራል። አምሎዲፒን ራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። እብጠቱ ሲብስ ላሲክስ የሚባል ብርቱ የሚያሸና መድኃኒት ይታዘዛል። ላሲክሱ ሰውነቱን ያደርቃል፤ ኩላሊቱ ይባስ ይጎዳል። አምስት መድኃኒት ይዞ የሚዞር ሰው አንዱን ብቻ፣ የመጀመሪያውን ማስታገሻ፣ ቢያቆም ኖሮ በኋላ የተጨመሩት ባላስፈለጉት ነበር።

የልቡም ጉዳይ ተራ አይደለም። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሮፌኮክሲብ የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና የአንጎል ምት አደጋን እንደሚጨምር ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ ወጣ። ዲክሎፌናክም በዚህ ረገድ ከዘመዶቹ መካከል ከሚያሳስቡት ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ልቡ ደካማ ለሆነ፣ የልብ ቧንቧ ጥበት ላለበት፣ ከዚህ በፊት የአንጎል ምት ለደረሰበት ሰው እንዳይሰጥ ወስኗል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ማስጠንቀቂያውን ሲያጠብቅ አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊጀምር እንደሚችል፣ መጠኑና ጊዜው ሲረዝምም እንደሚጨምር ገልጿል። 63 ዓመት፣ ያልተገታ ግፊት፣ ስምንት ወር፤ ሒሳቡን አንቺው ሥሪው።

አድቪሉ ደግሞ «ሌላ መድኃኒት» አይደለም። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፤ የዲክሎፌናክ የሥጋ ዘመድ። ብሩፌን፣ አሊቭ (ናፕሮክሰን)፣ ኢንዶሜታሲን፣ ቮልታረን (ራሱ ዲክሎፌናክ)፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱን መደረብ ሕመሙን ብዙም አይቀንስም፤ ጉዳቱን ግን ይደርበዋል። የውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚልከው መድኃኒት ላይ ይህ ስሕተት በየቀኑ የሚታይ ነው፤ ሣጥኑ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፣ ስሙ ሌላ ይሆንና ማንም አይጠረጥረውም። ትልቁን የንግድ ስም ትተሽ በትንሽ ፊደል ከሥሩ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቢ። የጉንፋን ክኒኖችም ውስጥ አይቡፕሮፌን ተቀላቅሎ ይገኛል፤ አንዳንዶቹ አፍንጫ የሚከፍት፣ ግፊት የሚያንር ነገር አለባቸው። ፓናዶልና ታይሌኖል ግን ሌላ ቤት ናቸው፤ ፓራሲታሞል ናቸው። እናትሽ ለልብ ተብሎ በቀን አንድ ትንሽ አስፕሪን ይወስዱ እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ከዲክሎፌናክ ጋር ሲሆን የመድማቱን አደጋ ይጨምራል፤ ሐኪም ያዘዘው ከሆነ ግን አንቺ አታቁሚው።

ስለ አዘዙት ሐኪም አንድ ቃል። ያዘዙት ለ10 ቀን ነው። ማዘዣ ላይ የሚጻፈው የቀን ብዛት እንደ ሚሊ ግራሙ ሁሉ የመድኃኒቱ ልክ አካል ነው። 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ መጠኑ የከፋ አይደለም፤ የአዋቂ ጣሪያ በቀን 150 ነው። የከፋው ስምንት ወሩ ነው። ግፊታቸውንና መድኃኒቶቻቸውን እያወቁ ማዘዛቸውም ቢሆን ቢያንስ የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገው ነበር። እኛም ከመስኮቱ ጀርባ ያለነው የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ነጻ አይደለንም። ሰው ባዶውን ስትሪፕ ይዞ መጥቶ «እንደዚህ ያለውን ስጠኝ» ሲል፣ ማዘዣ ሳንጠይቅ፣ ግፊት አለብህ ወይ ሳንል ቆርጠን የምንሰጥ ብዙ ነን። በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ስምንት ወር ሙሉ ያለ አንድ ጥያቄ ከተሸጠልሽ፣ ጥፋቱ ካንቺ ይልቅ የሸጠው ባለሙያ ነው።

ታዲያ ጉልበታቸው ምን ይሁን? በመጀመሪያ የሕመሙ ስም ይታወቅ። በእኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ሁሉ ሲያም «ሪህ ነው»፣ ወይም «የጉልበቷ ፈሳሽ አልቋል» ይባላል። በዚህ ዕድሜ በብዛት የሚያጋጥመው ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው የልም አጥንት መሳሳት ነው፤ ደረጃ ሲወርዱ፣ ከበርጩማ ሲነሱ የሚያም፣ ጠዋት ትንሽ ግትር ብሎ የሚፈታ። ዲክሎፌናክ ይህን ልም አጥንት አይመልሰውም፤ ሕመሙን ለሰዓታት ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ጉልበቱ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በማስታገሻ ሳይሸፈን ቶሎ መታየት አለበት።

ለአሁኑ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ ወይም ከዚያ አራርቀው፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳያልፉ፤ የጉበት ሕመም ካለባቸው፣ አረቄ ካዘወተሩ ወይም ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ይቀነሳል። ኃይሉ የዲክሎፌናክን ያህል አይደለም፤ እናትሽም ይህን ይሉሻል፤ እውነታቸውን ነው። ለኩላሊትና ለጨጓራ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ትራማዶል ወደሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ አትዝለዪ፤ ያዞራል፣ ያስለምዳል፣ በዚህ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ ዳሌ ይሰብራል።

የደም ውጤቱ ደህና ከሆነ፣ ቀጣዩ ራሱ ዲክሎፌናክ ነው፤ በጄል መልክ። ዓለም አቀፍ የመገጣጠሚያ ሕክምና መመሪያዎች ለጉልበት የሚቀባውን የሚያስቀድሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው በአፍ ሲወሰድ ከሚገባው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ መድኃኒቱ ይደርሰዋል። ለዳሌ ወይም ለወገብ ያን ያህል አይሠራም፤ ጥልቅ ነው። የሚሰናከለው አቀባቡ ላይ ነው። ሰው ዘይት እንደሚቀባ ትንሽ ነካ አድርጎ «አልሠራልኝም» ይላል። አንድ ጉልበት በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ግራም ይፈልጋል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። 30 ግራም ያለው ትንሹ ቱቦ በዝቅተኛው ልክ እንኳ ለአንድ ጉልበት ከ5 ቀን አያልፍም። አንድ ሁለት ሳምንት ሳይሞከር አይፈረድበት። የቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባ፤ ከላዩ በፋሻ ወይም በፌስታል አይጠቅለል፤ በሙቅ ውኃ አይታጠን፤ እጅም ይታጠብ። ኩላሊታቸው ተጎድቶ ከተገኘ ግን ጄሉንም ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳትጀምሩ።

ከመድኃኒት ሁሉ ዘለግ ያለ ጥቅም የሚሰጠው፣ ሰው ግን የሚንቀው፣ የጭን ጡንቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ቢያማቸው አያስደነግጥ፤ ውጤቱ ከስድስት ሳምንት በፊት አይጠበቅም። ክብደት ካላቸው፣ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀልላል። ቡና ሲያፈሉ በርጩማዋ ከፍ ትበል፤ መጸዳጃው ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ መቀመጫ ይሠራለት። ከዘራ ከያዙ ደግሞ በሚያማቸው ጉልበት ተቃራኒ እጅ ይያዙ፤ ቀኙ ከታመመ በግራ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልበቃ፣ የአጥንት ሐኪም በመገጣጠሚያው ውስጥ መርፌ ሊሰጣቸው ይችላል፤ ያ ጎረቤታችሁ ያሉት መርፌ አይደለም። የሚዋጥ ማስታገሻ ዳግም የግድ ቢሆን እንኳ ሐኪሙ ኩላሊታቸውን አይቶ፣ የሚያሸናውን መድኃኒት አስተካክሎ፣ ከኦሜፕራዞል ጋር፣ በዝቅተኛው ልክ ለጥቂት ቀን ብቻ ያዝዝ ይሆናል። ሴሌኮክሲብ የሚባለው ለጨጓራ ይሻላል፤ ናፕሮክሰን ለልብ የተሻለ ስም አለው፤ ለኩላሊት ግን አንዱ ከአንዱ አያንስም። ይህን የሚያነቡ ነፍሰ ጡሮችም ይጠንቀቁ፦ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እነዚህ መድኃኒቶች የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዱ ሐኪም ካላዘዘ አይነኩም። አስም ያለበት፣ አስፕሪን ወስዶ ትንፋሽ አጥሮት የሚያውቅ ሰውም እንዲሁ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የግፊቱንም፣ የዲክሎፌናኩን ባዶ ስትሪፕም፣ አድቪሉንም፣ ጠርሙስ ያለውንም በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሂጂና ጠረጴዛው ላይ አፍስሺው። በቃል ከመናገር ይሻላል፤ አንድ ነገር ሳይረሳ አይቀርምና። «ስምንት ወር ሙሉ» ማለትሽንም አትፈሪ። ዲክሎፌናኩ ከቆመ ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ግፊታቸውን በተከታታይ ቀናት ለክታችሁ ጻፉ፤ ወርዶ ከተገኘ የመድኃኒቱ ልክ ዳግም መታየት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ከልክ በታች ወርዶ ይጥላቸዋል።

ለእህትሽም ደውይላት። አድቪሉን መላክ ትተው። እሷ ባለችበት አገር 1 በመቶ የዲክሎፌናክ ጄል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ በ100 ግራም ቱቦም ይገኛል፤ ከውስጡ በየጊዜው የሚቀባውን ግራም የሚለካ ካርድም ይወጣል። የእናታችሁ የደም ውጤት ደህና ሆኖ ከወጣ ያንን ትላክ።